የቤት ጥበቃ ካሜራ እንቅስቃሴን እንዴት ይለያል?

መግቢያ

በጣና ሐይቅ ዙሪያ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች የበቆሎው እሸት ሲደርስ በእርሻው መካከል ማማ ይተከላል። ማማው ላይ የሚቀመጠው ጠባቂ፣ ብዙ ጊዜም ወንጭፍ የጨበጠ ልጅ፣ ቀኑን ሙሉ የሚያየው የሚወዛወዝ አገዳና ቅጠል ነው። ነፋስ ሲነሣ እርሻው በሙሉ ይነቃነቃል፤ ልጁ ግን ለዚያ ሁሉ ንቅናቄ አይጮኽም። ነፋሱ ጸጥ ባለበት ሰዓት ሦስት አገዳዎች ብቻ ተለይተው ሲነቃነቁ ካየ ግን «ጦጣ ገባ!» ብሎ ጅራፉን ያጮኻል። ልጁ ይህን ጥበብ ከየትኛውም መጽሐፍ አላነበበውም፤ ከታላላቆቹ ተምሮታል፤ ከስህተቱም አጣርቶታል።

ዛሬ በባሕር ዳር ከተማ በብዙ ቤቶች አጥርና በረንዳ ላይ የተሰቀለው ካሜራም የተሰጠው ሥራ ከማማው ልጅ ሥራ ጋር አንድ ነው። እንቅስቃሴ ሲያይ ለባለቤቱ ስልክ መልእክት እንዲልክ ይጠበቅበታል። ነገር ግን ካሜራው የልጁን ማስተዋል ይዞ ከፋብሪካ አይመጣም፤ ማስተዋሉን የምንሰጠው እኛ ነን።

ይህን የተማርነው በዋጋ ነው። ከባልደረቦቻችን የአንዱ ቤት ከሐይቁ ዳርቻ ብዙም አይርቅም። በአንድ የክረምት ወቅት በግቢው ውስጥ ካሜራ ሲተክል እኛም አብረነው ነበርን። «የበለጠ ቢነቃ የበለጠ ይጠብቃል» በማለት የንቃቱን መጠን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግነው። በመጀመሪያው ሌሊት ስልኩ ከመቶ ጊዜ በላይ ጮኸ። ዝናብ ነበር፤ የዘንባባ ቅጠል ነበር፤ የእሳት እራት ነበር። በአራተኛው ሌሊት ባልደረባችን የስልኩን ድምፅ ዘግቶ ተኛ። ሳምንት ሳይሞላ ልጁ ትምህርት ቤት የምትመላለስበት ብስክሌት ከግቢው ተሰረቀ። ጠዋት ስንመለከት ካሜራው ሥራውን ሠርቷል፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት አልፎ መልእክቱን ልኳል፤ ምስሉም አለ። መልእክቱን ያነበበ ሰው ግን አልነበረም።

ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ጽሑፍ ካሜራ እንቅስቃሴን የሚለይበትን መንገድ፣ በሐይቅ ዳር የሚሳሳትበትን ምክንያት፣ እንዲሁም ባለቤቱን ሳያታክት እንዲያነቃ እንዴት እንደሚዘጋጅ እንመለከታለን።

ካሜራ የሚያየው ምንድን ነው?

ዲጂታል ካሜራ የሚሰጠን ምስል በእውነቱ የቁጥሮች ሰንጠረዥ ነው። በብዙ ቤቶች የሚገኘው ዓይነት ካሜራ የሚያነሣው ምስል በአግድም 1,920፣ በቁም 1,080 ነጥቦች አሉት፤ በጠቅላላው 2,073,600 ማለት ነው። እያንዳንዱ ነጥብ ፒክሰል ይባላል። የፒክሰሉ ድምቀትም ከ0 (ጥቁር) እስከ 255 (ነጭ) ባለ ቁጥር ይገለጻል።

ካሜራው አሁን ያገኘውን ሰንጠረዥ ከጥቂት ቅጽበት በፊት ካገኘው ጋር ፒክሰል በፒክሰል ያነጻጽራል። ለምሳሌ የግቢው ግድግዳ አንዱ ፒክሰል ቀድሞ 120፣ አሁን 122 ቢሆን ልዩነቱ 2 ነው፤ ይህም እንደ ተራ መዋዠቅ ይቆጠራል። ነጭ ጋቢ የለበሰ ሰው በዚያ ግድግዳ ፊት ቢያልፍ ግን ቁጥሩ ወደ 205 ሊዘል ይችላል፤ ልዩነቱም 85 ይሆናል። ካሜራው «ከዚህ ልዩነት በላይ ከሆነ ተለውጧል» የሚልበት ልክ አለው። ይህን ልክ «ደፍ» ብለን እንጥራው። የቤትን ደፍ ሳይሻገር ወደ ውስጥ የሚገባ እንደሌለ ሁሉ፣ ይህን ልክ ሳያልፍም እንደ እንቅስቃሴ የሚቆጠር ለውጥ የለም።

ደፉ ሁለት ነው። የመጀመሪያው አንድ ፒክሰል ምን ያህል መለወጥ እንዳለበት ይወስናል፤ ሁለተኛው ስንት ፒክሰሎች አብረው መለወጥ እንዳለባቸው ይወስናል። በሁለተኛው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በግቢው ጫፍ የቆመ ሰው በምስሉ ላይ 60 ፒክሰል ወርድና 170 ፒክሰል ቁመት ቢኖረው የሚይዘው ስፍራ 10,200 ፒክሰል ነው፤ ይህም ከጠቅላላው ምስል ግማሽ በመቶ አይሞላም። ባለቤቱ «ከምስሉ አንድ በመቶ ሲለወጥ አንቃኝ» ብሎ ካዘዘው ካሜራው ያንን ሰው እያየ ዝም ይላል።

በሌሊት ነገሩ ይከብዳል። ብርሃን በቅንጣት በቅንጣት ነው የሚደርሰው፤ የቅንጣቶቹ ቁጥር የሚዋዥቀውም በራሱ ካሬ ዘር መጠን ነው። አንድ ፒክሰል በቀን 10,000 የብርሃን ቅንጣቶች ቢቀበል መዋዠቁ 100፣ ማለትም አንድ በመቶ ይሆናል። በሌሊት 100 ቅንጣት ብቻ ቢቀበል ግን መዋዠቁ 10፣ ማለትም አሥር በመቶ ነው። ስለዚህ ቀን ላይ የሚስማማ ደፍ ሌሊት ላይ ባዶውን ግቢ «ተንቀሳቀሰ» ሊያሰኝ ይችላል። የሌሊት ምስል ጥራጥሬ የተበተነበት የሚመስለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የእንቁራሪት ዓይንና የዳራ ትምህርት

እ.ኤ.አ. በ1959 ሌትቪን፣ ማቱራና፣ ማካሎክና ፒትስ የተባሉ ተመራማሪዎች የእንቁራሪት ዓይን ለአንጎሏ የሚያስተላልፈውን መልእክት ያጠኑበትን ታዋቂ ጽሑፍ አሳትመዋል። እንቁራሪት ዝንብን የምትይዘው ሲንቀሳቀስ ነው፤ የማይንቀሳቀሱ ዝንቦች ቢከቧትም ምግብ መሆናቸውን አትገነዘብም። ዓይኗ ገና ከመነሻው ትንሽና ተንቀሳቃሽ የሆነውን ነገር ለይቶ ያቀርብላታል።

የእኛም ካሜራ ተመሳሳይ ጥንካሬና ተመሳሳይ ድክመት አለው። ብዙ ካሜራዎች አሁን ያለውን ምስል የሚያነጻጽሩት ከአንድ ቀዳሚ ምስል ጋር ሳይሆን «ዳራ» ከሚባል የተጠራቀመ አማካይ ምስል ጋር ነው። ዳራው በእያንዳንዱ ዙር ጥቂት ጥቂት ይታደሳል፤ ለምሳሌ ከቀድሞው ዳራ 95 በመቶ፣ ከአዲሱ ምስል 5 በመቶ ይወሰዳል። በዚህም ምክንያት ቀስ በቀስ የሚመጣ ለውጥ፣ እንደ ንጋት ብርሃንና እንደ ጥላ መርዘም ያለው፣ ዳራው ውስጥ ተውጦ ይቀራል፤ ካሜራውም በከንቱ አይጮኽም።

ዋጋውን ግን እናስላ። እድሳቱ በየሰከንዱ ቢሆን፣ በግቢው ገብቶ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው ከ14 ሰከንድ በኋላ ምስሉ በግማሽ ያህል ዳራው ውስጥ ይሰርጋል። ከ60 ሰከንድ በኋላ 95 በመቶው ዳራ ሆኗል። ካሜራው በዚያን ጊዜ ሰውየውን ከግድግዳው ለይቶ አያውቀውም። በመሆኑም ማንቂያው መድረስ ያለበት ሰውየው በሚገባበት ቅጽበት ነው፤ የካሜራው ዓይንም ማተኮር ያለበት ሰው ሊቆም በሚችልበት ጥግ ላይ ሳይሆን ሊያልፍ በሚገደድበት መንገድ ላይ ነው።

ሐይቅ ዳር ለካሜራ ለምን ይከብዳል?

የካሜራው መመሪያ የተጻፈው ለየትኛውም አገር ነው። ጣና ዳር የሚኖር ሰው ግን የራሱን ሰማይና ነፋስ ማወቅ ይኖርበታል።

ቀን ላይ ምድሩ ከሐይቁ ፈጥኖ ስለሚሞቅ ነፋስ ከሐይቁ ወደ ምድር ይነፍሳል፤ ሌሊት ምድሩ ፈጥኖ ስለሚቀዘቅዝ አቅጣጫው ይገለበጣል። ስለዚህ በዳርቻው ያለው ደንገል፣ በጎዳናውና በግቢው ያለው ዘንባባ ቀንም ሌትም ሳይወዛወዝ የሚውልበት ጊዜ ጥቂት ነው። የውኃው ገጽ በካሜራው እይታ ውስጥ ከገባ ደግሞ እያንዳንዱ ሞገድ የፀሐይን ወይም የመብራትን ብርሃን እንደ መስተዋት ስብርባሪ ይወረውራል።

ባሕር ዳር በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛውም ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ይዘንባል። በሌሊት ካሜራው በራሱ የኢንፍራሬድ (ታህተ ቀይ) መብራት ሲያበራ በሌንሱ አጠገብ የሚወርደው ጠብታ እንደ ነጭ መስመር ይታያል። የነፍሳቱ ጉዳይም እንዲሁ ነው። አምስት ሚሊ ሜትር የሆነች ነፍሳት ከሌንሱ በአሥር ሴንቲ ሜትር ርቀት ብትበር በምስሉ ላይ የምትይዘው ስፋት በ34 ሜትር ርቀት ላይ የቆመ 1.7 ሜትር ቁመት ያለው ሰው ከሚይዘው ቁመት ጋር እኩል ነው። ሁለቱንም ስናካፍል 0.05 እናገኛለንና። ካሜራው ርቀትን ስለማያውቅ እራቷንና ሰውየውን በመጠን ብቻ መለየት አይችልም። የመብራቱ ሙቀት ሸረሪትንም ይጋብዛል፤ ድሯ በሌንሱ ፊት ሲወዛወዝ ሌሊቱን ሙሉ ያስጮኸዋል።

በዚህ ላይ በመንገድ የሚያልፍ የባጃጅ መብራት በግድግዳው ላይ ሲጠርግ፣ ውሻና ድመት ሲመላለሱ እናስባቸው። በአባይ መውጫና በሐይቁ ዳርቻ ደግሞ ጉማሬ አለ፤ ሌሊት ከውኃ ወጥቶ ሣር ይግጣል። ከዳርቻው አጠገብ ለሚኖር ቤተሰብ በጨለማ በር ከፍቶ ከጉማሬ ጋር መገናኘት ለሕይወት የሚያሰጋ በመሆኑ የጉማሬው ማንቂያ ሐሰተኛ ነው ሊባል አይችልም። እንግዲህ «ሐሰተኛ» እና «እውነተኛ» የሚሉት ቃላት ትርጉም የሚያገኙት ባለቤቱ ምን ማወቅ እንደሚፈልግ አስቀድሞ ሲወስን ነው።

ሙቀትን የሚያነብ ሁለተኛ ዓይን

አንዳንድ ካሜራዎች ከምስሉ በተጨማሪ ፒ.አይ.አር. የሚባል የሙቀት ጨረር መለያ አላቸው። ማንኛውም አካል እንደ ሙቀቱ መጠን ጨረር ያመነጫል። የቆዳችን ሙቀት 33 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ነው ብንል በኬልቪን 306 ይሆናል፤ በቪን ሕግ 2,898ን ለ306 ስናካፍል ጨረራችን የሚያይልበት የሞገድ ርዝመት 9.5 ማይክሮ ሜትር ገደማ ሆኖ እናገኘዋለን። መለያው የተሠራው ይህን አካባቢ እንዲያነብ ነው። ፊቱ ላይ ያለው ነጭ ፕላስቲክ ሌንስ እይታውን ወደ ብዙ ጠባብ ቀጠናዎች ይከፋፍለዋል፤ ሰው ከአንዱ ቀጠና ወደ ሌላው ሲሻገር የኤሌክትሪክ ምልክቱ ከፍና ዝቅ ይላል።

ከዚህ ሦስት ተግባራዊ ትምህርቶች እናገኛለን። አንደኛ፣ መለያው በፊቱ አቋርጦ የሚያልፈውን ሰው በቀጥታ ወደ እርሱ ከሚመጣው ሰው ይልቅ በቀላሉ ይለያል። ሁለተኛ፣ የመስኮት መስታወት ይህን ጨረር ስለማያሳልፍ ከመስታወት ኋላ የተቀመጠ መለያ ዕውር ነው። ሦስተኛ፣ መለያው የሚያነበው በሰውነትና በዳራው መካከል ያለውን የሙቀት ልዩነት ነው። በሚያዝያ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የመታው ግድግዳ የቆዳን ሙቀት ሲደርስ ልዩነቱ ይጠፋል፤ በሌሊት ግን በ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኘው ከተማ ስለምትቀዘቅዝ መለያው በሚገባ ይሠራል። የቅጠል ጥላና የባጃጅ መብራትም እምብዛም አያታልሉትም።

የሁለቱ ስህተቶች ሚዛን

አሁን ወደ ጉዳዩ እምብርት ደርሰናል። ማንኛውም የማንቂያ መሣሪያ ሁለት ዓይነት ስህተት ይሠራል፦ ምንም ሳይኖር ይጮኻል ወይም ሰው እያለ ዝም ይላል። የመጀመሪያውን ሐሰተኛ ማንቂያ፣ ሁለተኛውን ያመለጠ ክስተት እንበለው። ደፉን ዝቅ ስናደርግ የሚያመልጠው ይቀንሳል፤ ሐሰተኛው ይበዛል። ከፍ ስናደርግ ተቃራኒው ይሆናል።

ነገሩን በምሳሌ ቁጥሮች እንመርምር። አንድ ካሜራ በ12 ሰዓት ሌሊት ውስጥ በየሰከንዱ አንድ ጊዜ «እንቅስቃሴ አለ ወይስ የለም?» ብሎ ቢወስን 43,200 ውሳኔዎች ይሰጣል። ከሺህ አንድ ጊዜ ብቻ ቢሳሳት እንኳ በየሌሊቱ 43 ያህል ሐሰተኛ ማንቂያ ይልካል። ከሺህ አንድ ስህተት በፈተና ወረቀት ላይ እጅግ የሚያስመሰግን ውጤት ነው! ሆኖም ሌባ በዓመት አንድ ጊዜ ቢመጣ፣ ባለቤቱ ያንን አንድ እውነተኛ መልእክት ለማግኘት ከ15,000 በላይ ሐሰተኛ መልእክቶችን ማንበብ አለበት። እንዲህ ያለ ትዕግሥት ያለው ሰው የለም። ባልደረባችን ስልኩን የዘጋው ሰነፍ ስለነበረ ሳይሆን እኛ የሰጠነው መሣሪያ ከሰው አቅም በላይ ስለጠየቀው ነው።

መፍትሔው ከየት ይመጣል? ሁለት ምስክሮችን ከመጠየቅ ይመጣል። ምስሉም የሙቀት መለያውም በአንድ ጊዜ «አለ» ሲሉ ብቻ ይጩኽ ብለን እናዝዝ። የእያንዳንዱ ስህተት ከሺህ አንድ ቢሆንና አንዱ ከሌላው ጋር ባይያያዝ፣ ሁለቱ አብረው የሚሳሳቱት ከሚሊዮን አንድ ጊዜ ነው፤ ይህም በ23 ሌሊት አንድ ሐሰተኛ ማንቂያ ማለት ነው። ዋጋ ግን አለው፤ እያንዳንዳቸው ከመቶ ሰዎች 95ቱን የሚለዩ ከሆነ ሁለቱም አብረው የሚለዩት 90 ያህሉን ነው። በአንጻሩ «ከሁለቱ አንዱ ካለ ጩኽ» ብንል ከ99 በመቶ በላይ እንይዛለን፤ በየሌሊቱ ግን 86 ጊዜ በከንቱ እንነቃለን። የአገራችን ዳኝነት ከጥንት ጀምሮ በሁለትና ሦስት ምስክር የሚጸናበት ምክንያት በዚህ ቀላል የይሆናልነት ሒሳብ ውስጥ ይታያል። ምስክሮቹ የተለያየ ነገር ያዩ መሆን እንዳለባቸው ግን አንዘንጋ፤ በአንድ ዝናብ የሚታለሉ ሁለት ካሜራዎች እንደ አንድ ምስክር ይቆጠራሉ።

ሰውን ለይቶ የሚያውቅ ካሜራ

በቅርብ ዓመታት የወጡ ካሜራዎች በብዙ ሺህ ፎቶግራፎች የሠለጠነ ፕሮግራም በመጠቀም ሰውን ከእንስሳና ከተሽከርካሪ ይለያሉ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው፤ የቅጠልና የዝናብ ማንቂያን በእጅጉ ይቀንሳል። ነገር ግን ፕሮግራሙ የሚያውቀው የታየውን ብቻ ነው። በአዲስ አበባ የተወለደችው ትምኒት ገብሩና ጆይ ቡኦላምዊኒ እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት፣ ጾታን ከፊት ምስል ለመለየት ገበያ ላይ የዋሉ ፕሮግራሞችን ፈትነው ነበር። ስህተቱ ለነጣ ቆዳ ወንዶች ከፍ ቢል 0.8 በመቶ ሲሆን ለጠቆረ ቆዳ ሴቶች እስከ 34.7 በመቶ ደርሷል። ያ ጥናት የተመለከተው ፊትን እንጂ እንቅስቃሴን ባይሆንም ትምህርቱ ለእኛም ይሠራል፤ ሌላ ቦታ የተሠራን ሚዛን በራሳችን ዕቃ ሳንፈትን አንመነው። ጋቢ ተከናንቦ፣ ጃንጥላ ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ የሚያልፍን ሰው ካሜራችን «ሰው» ይለዋል ወይ? መልሱን የምናገኘው በራሳችን ግቢ እንዲህ ሆነን ስንመላለስ ነው።

ካሜራውን ደረጃ በደረጃ ማዘጋጀት

አንደኛ፣ ቦታ። ካሜራው ከመሬት ከ2.5 እስከ 3 ሜትር ከፍ ብሎ፣ ጥቂት ወደ ታች አዘንብሎ፣ ሰው በፊቱ አቋርጦ እንዲያልፍ ሆኖ ይተከል። ሐይቁና ሰማዩ ከእይታው ይውጡ። የሚስብ መብራት ከካሜራው አጠገብ አይሁን፤ ከራቅ ያለ ስፍራ ግቢውን ቢያበራ ነፍሳቱም ወደዚያ ይሄዳሉ፤ ምስሉም ይጠራል።

ሁለተኛ፣ የክትትል ክልል። በስልኩ ፕሮግራም ላይ ካሜራው እንዲከታተለው የምንፈልገውን ስፍራ በጣት እንሣል፤ በሩን፣ መተላለፊያውን፣ ብስክሌቱ የሚቆምበትን። ዘንባባው፣ ጎዳናውና የልብስ ማስጫው ገመድ ከክልሉ ውጭ ይቅሩ። ደፉ በመቶኛ የሚሰላው ከክልሉ ስፋት ከሆነ፣ ክልሉ በጠበበ መጠን ሰውየው የሚይዘው ድርሻ ያድጋል።

ሦስተኛ፣ የንቃት መጠን። ከመካከል እንጀምር። ሌሊት አንድ ሰው በግቢው ጫፍ ይለፍ፤ ካሜራው ካልለየው ጥቂት ከፍ፣ ከለየው ጥቂት ዝቅ እያደረግን ሰውየውን ሳያስት የሚቀረውን ዝቅተኛ ንቃት እንፈልግ።

አራተኛ፣ ሰዓት። የእኛ አገር አቆጣጠር ወጥመድ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። «ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት» ለማለት በካሜራው ላይ 3:00 እና 12:00 የጻፈ ሰው ካሜራውን ያዘዘው ከሌሊቱ 9 ሰዓት እስከ ቀትር እንዲጠብቅ ነው። ትክክለኛው 21:00 እና 06:00 ነው። አንዳንድ ካሜራዎች እኩለ ሌሊትን የሚሻገር ሰዓት ስለማይቀበሉ 21:00–24:00 እና 00:00–06:00 ብሎ ለሁለት መክፈል ያስፈልጋል። የሰዓት ቀጠናውም ወደ ሲደመር 3 መስተካከሉን እናረጋግጥ፤ በቻይና ሰዓት የቀረ ካሜራ በአምስት ሰዓት ይሳሳታል።

አምስተኛ፣ የሳምንት መዝገብ። በደብተር ላይ የእያንዳንዱን ማንቂያ ሰዓትና ምክንያት እንጻፍ። በሳምንቱ መጨረሻ አብዛኛው ሐሰተኛ ማንቂያ ከአንድ ወይም ከሁለት ምክንያት የመጣ ሆኖ ከተገኘ እርሱን ብቻ ማስወገድ ይበቃል።

መብራትና ኔትወርክ ሲጠፉ

ብዙዎቹ ካሜራዎች መልእክታቸውን ወደ ስልካችን የሚልኩት በውጭ አገር ባለ የኮምፒውተር ማዕከል በኩል ነው። ማንቂያው ከበራችን ወደ መኝታ ቤታችን ለመድረስ ባሕር ተሻግሮ ይመለሳል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር አንባቢያን ያስታውሳሉ። እንዲህ ባለ ጊዜ በኢንተርኔት ላይ ብቻ የተመሠረተ ማንቂያ ዲዳ ይሆናል። በመሆኑም ካሜራው ምስሉን በውስጡ ባለ ሜሞሪ ካርድ እንዲቀዳ፣ በቤቱ ውስጥ ደወል እንዲያሰማ ወይም በሲም ካርድ አጭር የጽሑፍ መልእክት የሚልክ መሣሪያ እንዲኖረው ማድረግ ብልህነት ነው።

ለመብራት መቋረጥ ደግሞ ቀላል ስሌት እንሥራ። ካሜራው 5 ዋት፣ የኢንተርኔት ማሠራጫው 7 ዋት ቢፈጁ ድምሩ 12 ዋት ነው። ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር-ሰዓት ባትሪ 84 ዋት-ሰዓት ይይዛል፤ ባትሪው እንዳይጎዳ ግማሹን ብቻ ብንጠቀም 42 ዋት-ሰዓት፣ ማለትም ሦስት ሰዓት ተኩል ይሆናል። ሙሉ ሌሊት ለሚፈልግ ሰው ሦስት እጥፍ ያህል ባትሪ ያስፈልገዋል።

ጎረቤትና የይለፍ ቃል

የራስን ቤት መጠበቅ የሌላውን ቤት ማየት ማለት አይደለም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን ይደነግጋል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። የጎረቤት መስኮትና ጓሮ በእይታው ውስጥ ከገባ ካሜራውን ማዞር ወይም ያንን ክፍል በጥቁር መሸፈን ይገባል። ሌላው ጉዳይ የይለፍ ቃል ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2016 «ሚራይ» የተባለ አጥፊ ፕሮግራም ከፋብሪካ የመጣ የይለፍ ቃላቸው ያልተቀየረ በርካታ ካሜራዎችንና መሰል መሣሪያዎችን በቁጥጥሩ ሥር አውሎ ታላላቅ ድረ ገጾችን ለሰዓታት አስተጓጉሏል። የካሜራው ባለቤቶች ይህን አላወቁም ነበር። ጠባቂያችን ለሌላ እንዳያድር የይለፍ ቃሉን በመጀመሪያው ቀን እንቀይር።

ማጠቃለያ

የቤት ጥበቃ ካሜራን ሐሳብ በማፍለቅ የምትታወቀው በኒው ዮርክ ትኖር የነበረችው ነርስ ሜሪ ቫን ብሪታን ብራውን ናት። ከባለቤቷ ጋር ሆና እ.ኤ.አ. በ1966 ያመለከተችበትን የፈጠራ መብት በ1969 አገኘች። በእርሷ መሣሪያ ካሜራው በበሩ ቀዳዳዎች በኩል ያሳያል፤ የማንቂያውን ቁልፍ የሚጫነው ግን አይቶ የወሰነ ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ ውሳኔውን ቀስ በቀስ ለማሽን ሰጥተናል፤ ማሽኑ የሚወስንበትን ደፍ የማበጀቱ ኃላፊነት ግን ዛሬም ከእኛ ጋር ነው።

የባልደረባችንን ካሜራ ከብስክሌቱ ስርቆት በኋላ እንደገና አዘጋጀነው። ዘንባባውን ከክልሉ አስወጣን፤ የሸረሪት ድሩን ጠረግን፤ የሙቀት መለያ ጨመርን፤ ሰዓቱን አረምን። አሁን በሳምንት የሚመጣው መልእክት በጣት የሚቆጠር ነው፤ ስልኩ ሲጮኽም የቤቱ ሰው ተነሥቶ ያያል። ብስክሌቱ ግን አልተመለሰም።

ተማሪ አንባቢያን ይህን ለመፈተን ካሜራ መግዛት አያስፈልጋችሁም። የእጅ ስልካችሁን በቋሚ ነገር ላይ አስደግፋችሁ አንዱን ግቢ በቀን፣ በምሽትና በዝናብ ጊዜ አሥር አሥር ፎቶግራፍ አንሡ፤ ከዚያም በኮምፒውተር ተከታታዮቹን ፎቶግራፎች አቀናንሱ። ማንም ሰው ባላለፈበት ግቢ ውስጥ ምን ያህል «እንቅስቃሴ» እንዳለ ስታዩ፣ በማማው ላይ የተቀመጠው ልጅ ዝም ብሎ የሚያሳልፈውን ነገር ብዛት ትረዳላችሁ።